የመጨረሻዎቹን ሁለት ቁጥሮች ሁለቴ

ሃርላን ፎርክ፣ ኦሃዮ
ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1978

ለተከበሩ እህቴ ለወይዘሮ ሉዌላ፣

ይህ ደብዳቤ ያን ሁሉ ባሕር አቋርጦ ታዝማኒያ ሲደርስ እርስዎንም ባለቤትዎን አቶ ክሌምን በጤና ያግኝልኝ። ጌታ ቤታችሁን ይጠብቅ። እኔ የአጎትዎ የኤሚል ዴትመር ልጅ ኦርቪል ነኝ። እርስዎ አግብተው ሲሄዱ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር፤ አሁን አርባ ሰባት ሞልቶኛል፣ ፀጉሬም ከግንባሬ ሸሽቷል።

በተራ ልጻፈው፤ በተራ ካልጻፍኩ ግማሹ ይጠፋብኛል። አንደኛ፣ አባባ ሰባ ስድስት ዓመቱ ነው፤ እማማ ካረፈች ወዲህ ከእኛ ጋር ፎቅ ላይ ይኖራል፤ ይበላል፣ ይተኛል፣ ጉልበቱን ግን ያመዋል። ሁለተኛ፣ ባለቤቴ ቬርና ደህና ናት። ሦስተኛ፣ ሁለት ሴቶች ልጆች አሉኝ፤ ትልቋ መኪና መንዳት ጀምራለች፣ እኔም እንቅልፍ ማጣት ጀምሬያለሁ። አራተኛው የምጽፍበት ጉዳይ ነው።

በምድር ቤታችን ውስጥ የሃርላን ፎርክን የፉርጎ ግቢ በ1944 እንደነበረ አድርጌ በሞዴል ሠርቼዋለሁ። ሰባት ዓመት ፈጀብኝ። ሀዲዱ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ይሄዳል፤ አንዱ ፉርጎ ከመዳፌ አይበልጥም። ሰው ሲሰማ መጫወቻ ይመስለዋል፤ መጫወቻ አይደለም። ዝም ብሎ እየዞረ የሚሽከረከር ባቡር የለኝም። እያንዳንዱ ፉርጎ ካርድ አለው፤ ካርዱ ላይ ምን እንደጫነ፣ ከየት እንደመጣ፣ የት እንደሚራገፍ ተጽፏል። ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ስምንት ሰዎች ይመጣሉ፤ አንዱ የግቢ አለቃ፣ ሌላው የባቡር ኃላፊ እየሆነ፣ ልክ እንደዚያን ጊዜው ጭነቱን እናደርሳለን።

ችግሬ በጦርነቱ ጊዜ በእውነት ምን ምን ያልፍ እንደነበር አለማወቄ ነው። እርስዎ ደግሞ የግቢው ቁጥር መዝጋቢ ነበሩ። የሚያስፈልገኝ እነሆ፦ በቀን ስንት ባቡር ያልፍ ነበር? ምን ምን ይጭኑ ነበር? የፉርጎዎቹ ቀለም እንዴት ነበር? ያን ጊዜ ቁጥሩን ይመዘግቡበት የነበረ ደብተር ካለ ደግሞ የኦገስት 1944ቱን ይላኩልኝ። ኦክቶበር ላይ የባቡር ጡረተኞችን ሁሉ ጋብዤ ሥራውን አሳያለሁ፤ አንድ ሽማግሌ ተነስቶ «ይሄ ውሸት ነው» እንዳይለኝ እፈራለሁ።

አባባን ጠይቄው ነበር። «ብዙ ነበር» ብቻ አለኝ። ቁጥር አጠራሩን ግን እስከ ዛሬ አልተወም። የስልክ ቁጥር ስትነግረው የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ሁለቴ ነው የሚጠራው። ልጆቼ ይስቁበታል።

አክባሪ ወንድምዎ፣
ኦርቪል ዴትመር


ሆባርት፣ ታዝማኒያ
ኤፕሪል 3 ቀን 1978

ወንድሜ ኦርቪል፣

ሰላምህ ይብዛ፤ ቬርናንም ልጆችህንም እግዚአብሔር ይባርክልህ። ግን እባክህ «እርስዎ» አትበለኝ። ስጀምረው የሌላ ሴት ደብዳቤ የከፈትኩ መስሎኝ ፖስታውን መልሼ አየሁት። አፍንጫህን የጠረግኩልህ ልጅ ነህ እኮ! «አንቺ» በለኝ።

ስለዘገየሁ ይቅር በለኝ። ሁለቴ ጀምሬ ሁለቴ ቀደድኩት።

የጠየቅከኝን ልንገርህ። በሰላሙ ጊዜ በቀን ሃያ ባቡር ካለፈ ብዙ ነው፤ በ1943 ሃምሳና ስልሳ ነበር። ከሁሉ የሚበዛው ነዳጅ ነው። የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች በባሕር ዳር የነዳጅ መርከቦችን ስላሰጠሙ፣ ወደ ምሥራቅ የሚሄደው ሁሉ በሀዲድ ሆነ። ቦቴ ፉርጎ ብቻ፣ ሰባና ሰማንያ ተቀጥሎ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥቁር። ተመላሹ ባዶውን ሲመጣ ድምፁ ይለያል፤ እንደ በርሜል ያገሳል። ከዚያ ጠፍጣፋ ፉርጎ ላይ በሸራ የተሸፈኑ ታንኮች ነበሩ። ሸራው ስር ምን እንዳለ የሦስት ዓመት ሕፃን ያውቀዋል፤ እኛ ግን «ማሽን» ብላችሁ ጻፉ ተብለናል። ሥጋና ፍራፍሬ የሚጭኑት የበረዶ ፉርጎዎችም ነበሩ፤ እግራቸው ስር ሁልጊዜ እርጥብ ነው፣ በበጋ እየሄድን እዚያ እንቆም ነበር።

ደግሞ ስማኝ፦ ፉርጎዎችህ ንጹህ ከሆኑ ውሸት ነው። በጦርነቱ ጊዜ ማን ፉርጎ ቀለም ይቀባል? የከሰል ጥላሸት ቁጥሩን ይሸፍነው ስለነበር በጓንቴ እየጠረግኩ ነበር የማነበው። ብረቱ ለመርከብ ስለሄደ ጎናቸው እንጨት የሆኑ አዳዲስ ፉርጎዎችም መጥተው ነበር፤ እነሱን እስካሁን ካልሠራሃቸው ሥራቸው። የፋብሪካ ሴቶች ጎኑ ላይ በጠመኔ ይጽፉበት ነበር፦ «ለሂትለር፣ ከዶሎረስ ሰላምታ ጋር።» ሰውየው ቢያነበው ደስ ባለኝ።

ግን ለምን ኦገስት? ማርች 1943ን ውሰድ። እሱ የተሻለ ወር ነው።

አጎቴ ኤሚል ስለ እኔ ይጠይቃል? አዲስ ፎቶግራፉን ላክልኝ። እኔም እዚህ የአውቶቡስ ቁጥር ሳነብ የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ሁለቴ ነው የምጠራው። ያስተማረን እሱ ነው።

እህትህ፣
ሉዌላ


ሃርላን ፎርክ፣ ኦሃዮ
ኤፕሪል 24 ቀን 1978

ውድ እህቴ ሉዌላ፣

ጸጋና ሰላም ከአንቺ ጋር ይሁን። ደብዳቤሽን አራት ጊዜ አነበብኩት፣ አንዴ እርሳስ ይዤ።

የሠራሁትን ልንገርሽ። አርባ ሦስት ፉርጎዎችን በከሰል ዱቄት አቆሸሽኩ። ቬርና «ሰው የቆሸሸውን ያጥባል፣ አንተ ንጹሑን ታቆሽሻለህ» አለችኝ። ስድስት የእንጨት ጎን ሠራሁ። የበረዶ ፉርጎዎቹ የሚቆሙበትን ሀዲድ በቫርኒሽ እርጥብ አስመሰልኩት። የዶሎረስን ጽሑፍ በአጉሊ መነጽር እያየሁ በመርፌ ጫፍ ጻፍኩት፤ ሁለት መርፌ ሰበርኩ።

ስለ ኦገስት የጠየቅሽኝ፣ ሰዎቹ የሚያውቁት ወር ስለሆነ ነው። የቲማቲም ማሸጊያው ፋብሪካ ሥራ የሚበዛበት ጊዜ ነው፣ ግቢውም ይሞላል። ደብተሩ ካለሽ ገጹን ገልብጠሽ ላኪልኝ፤ እለምንሻለሁ።

አባባ በጤናው ደህና ነው። ፎቶውን አስገብቻለሁ፤ ቬርና ያነሳችው ነው፣ አልሳቀም። አንድ ነገር ግን አሳስቦኛል። ሳይነግረን ቶሊዶ ባለው በቤተ ክርስቲያኑ የአረጋውያን ቤት ስሙን አስመዝግቦ ኖሯል። ኖቬምበር 1 ይገባል። ለምን እንደሆነ አልነገረንም። አልጋው ደህና ነው፣ ምግቡ ደህና ነው፣ ቴሌቪዥኑ የራሱ ነው። ዝርዝር ጻፍኩ፣ ምን እንደጎደለው አላገኘሁም።

ወንድምሽ፣
ኦርቪል


ሆባርት፣ ታዝማኒያ
ጁላይ 30 ቀን 1978

ወንድሜ ኦርቪል፣

ሰላም ለቤትህ። ደብተሩ የለም። መርከብ ላይ ጠፋ መሰለኝ።

ፎቶውን አየሁት። የሸሚዙን አንገት እስከ ላይ ቆልፎ ብቻውን ተቀምጧል፤ ሰው ቤት በእንግድነት የተቀመጠ ነው የሚመስለው። ወንድሜ፣ ዝርዝርህን ተወውና እውነቱን ንገረኝ። እኔ የማውቀው ኤሚል ዴትመር ሲሰድቡት እንኳ መንደሩን ያልለቀቀ ሰው ነው። የልጁን ቤት ለምን ይለቃል? ምን አደረጋችሁት?

ሉዌላ


ሃርላን ፎርክ፣ ኦሃዮ
ኦገስት 14 ቀን 1978

እህቴ ሉዌላ፣

ጥያቄሽ ከሰላምታሽ ይልቅ ረዝሞ ታየኝ። ጌታ ድፍረት ይስጠኝ ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት። ባለፈው «አልነገረንም» ያልኩሽ ውሸት ነው። አልተናገረም፤ እኔ ግን አውቃለሁ።

በእኛ ጨዋታ የአጋጣሚ ካርዶች የሚባሉ አሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራው መሐል አንድ ሰው አንድ ይመዛል። «ዝናብ ጣለ፣ ቀስ በል» ይላል አንዱ። «የወታደር ባቡር ይለፍ፣ አንተ ቁም» ይላል ሌላው። ሃያ አራት ናቸው፤ ሁሉንም የጻፍኳቸው እኔ ነኝ። አሥራ አራተኛው እንዲህ ይላል፦

«ኦገስት 1944። የባቡር ኃላፊ ዴ. ፉርጎ አሳሳተ። የመድፍ ቀለህ ቲማቲም ፋብሪካ ገባ፣ የቲማቲም ቆርቆሮ ጥይት ፋብሪካ ገባ። ባቡርህ ሦስት ዙር ይቁም።»

አንቺም ታውቂዋለሽ፣ መንደሩም ያውቀዋል። ጥይት ፋብሪካው ለሁለት ቀን ሥራ ፈታ። ቀለህ የሞላው ፉርጎ የቲማቲም ፋብሪካው ጓሮ አሥራ አንድ ቀን ቆመ፤ ሴቶቹ ጥላው ስር ምሳቸውን ሲበሉበት ከረሙ። ከዋና ከተማ ሁለት ሰዎች መጥተው «ዴትመር የጀርመን ስም ነው፣ አይደል?» አሉት። ሆን ብሎ አደረገው ለማለት ማስረጃ አጡ፤ በቸልተኝነት አባረሩት። ከዚያ ወዲያ መንደሩ «ካቻፕ» ብሎ ስም አወጣለት፣ በቲማቲሙ ድልህ። ካቻፕ ዴትመር። እህል መጋዘን ጠባቂ ሆኖ ጡረታ ወጣ።

ጃንዋሪ ላይ፣ ላንቺ ከመጻፌ አምስት ሳምንት በፊት፣ ድዌይን ፓፍ ያን ካርድ መዘዘ። ድዌይን ጎረቤታችን ነው፣ አፉ አያርፍም። ጮክ ብሎ አነበበው።

«ኧረ ይሄ ዴ. ማነው?» አለ እየሳቀ።

«የካቻፑ ነዋ!» አለ ሌላው።

«እንግዲህ ሂትለር በጥይት ፈንታ ቲማቲም ቀመሰ!» አለ ሦስተኛው።

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፣ ሉዌላ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ዞር ስል አባባ ደረጃው ላይ በሳህን ጨዋማ ብስኩት ይዞ ቆሟል። ለእንግዶቹ ሊያቀርብ ነው የመጣው። ሳህኑን የጎን ሀዲዱ አጠገብ ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«ባቡሩ ስንት ዙር ነው የሚቆመው?» አለኝ።

«ሦስት» አልኩት።

«ሦስት ብቻ?» አለና ወደ ላይ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ምድር ቤት አልወረደም። በሳምንቱ ቶሊዶ ስልክ ደወለ።

ይቅርታ ጠየቅኩት ወይ ብትይኝ፣ አልጠየቅኩም። «አባባ፣ ቀልድ ነው እኮ» አልኩት። ከይቅርታ ይልቅ ያቺ ቀለለችኝ።

አሁን የባሰውን ልንገርሽ። ካርዱን በስህተት አልጻፍኩትም። ሃያ ሦስቱን ጽፌ ስጨርስ የአሥራ አራተኛው ቦታ ባዶ ቀርቶ ነበር፣ እጄ ዝም ብሎ ያን ጻፈ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር የጋዜጣ ሰው ትምህርት ቤት በር ላይ «የዴትመር ልጅ አንተ ነህ?» ሲለኝ «አይ፣ የጎረቤቱ ነኝ» አልኩት። ይኸው ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የጎረቤቱ ልጅ ሆኛለሁ።

ስለዚህ የምጠይቅሽ ከእንግዲህ ስለ ፉርጎ ቀለም አይደለም። የዚያን ቀን ግቢው ውስጥ ነበርሽ። አባባ ጠጥቶ ነበር? ተኝቶ ነበር? ምንም ቢሆን ንገሪኝ። ኖቬምበር 1 ሰባ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል።

ኦርቪል


ሆባርት፣ ታዝማኒያ
ሴፕቴምበር 10 ቀን 1978

ወንድሜ፣

ሰላም ልልህ አፌ አልታዘዝ ስላለኝ እንዲሁ ልጀምር።

አልጠጣም። አልተኛም። ደብተሩ መርከብ ላይ ጠፋ ያልኩህ ውሸት ነው፤ ያለኝ አንድ ወረቀት ብቻ ነው። የዚያን ቀን የጻፍኩት የፉርጎ ዝርዝር ነው፤ ይኸው ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬዋለሁ። ሠላሳ አራት ዓመት በስፌት መኪናዬ መሳቢያ ውስጥ፣ ከቁልፎች ስር ነበር። ለክሌም እንኳ አሳይቼው አላውቅም።

ሁለት ፉርጎዎች ነበሩ፣ ጎን ለጎን፣ የአንድ ድርጅት፣ አንድ ዓይነት ቀለም። 42617 ባዶ ቆርቆሮ ለቲማቲም ፋብሪካው። 42671 የመድፍ ቀለህ ለጥይት ፋብሪካው። ሁለቱም በአንድ ባቡር፣ በአጎቴ ባቡር ነበር የሚወጡት። የእኔ ሥራ በሀዲዱ ዳር እየሄድኩ ቁጥሩን ማንበብ፣ በዝርዝር ላይ የትኛው የት እንደሚወርድ መጻፍ ነው። ሥራውን ያስገባኝ አጎቴ ነው፤ የመጀመሪያው ቀን አብሮኝ ሄዶ «ሉዌላ፣ ቁጥር በዓይንሽ አትመኚ፤ ጮክ ብለሽ ጥሪው። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ሁለቴ ጥሪ፣ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ነው» አለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሁለቴ ጠራሁ።

የዚያን ቀን እኩለ ቀን ላይ የወታደር ባቡር ጎኔን አለፈ። ሙቀት ነው፣ መስኮቱ ሁሉ ክፍት ነው፣ ልጆቹ ደረታቸው ድረስ ወጥተው ያፏጫሉ። አንዱ «ቆንጆ፣ ስምሽ ማነው?» አለኝ። ዞር ብዬ እጄን አውለበለብኩ። ሃያ ዓመቴ ነበር። ባቡሩ እስኪያልፍ አውለበለብኩ፣ ከዚያ ተመልሼ ያልጠራሁትን ቁጥር ጻፍኩ። አንድ ሰባትን ሰባት አንድ፣ ሰባት አንድን አንድ ሰባት። በቃ ይኸው ነው። ሌላ ምሥጢር የለውም።

አጎቴ የባቡሩ ኃላፊ ስለሆነ ከመነሳቱ በፊት በእግሩ ሄዶ የጭነት ወረቀቱን ከፉርጎው ማስተያየት ነበረበት። የግቢው አለቃ «ኤሚል፣ ውጣ! ውጣ! ከኋላህ ሦስት ባቡር ቆሟል!» እያለ ይጮህበት ነበር። ዝርዝሩን ተቀብሎኝ አየኝና «የአንቺ ነው? እንግዲያው ልክ ነው» ብሎ ወጣ።

ሰዎቹ ሲመጡ «ዝርዝሩ የታለ?» አሉት። «ጠፋብኝ» አለ። ኪሱ ውስጥ ነበር። እኔን ጠርተው «ወይዘሪት፣ በትክክል ነው የጻፍሽው?» አሉኝ። «አዎ» አልኩ። እሱ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። መሬት መሬቱን አየ።

ለምን እንደደበቀው ዝርዝሩን ስታይ ይገባሃል። ሰባቶቼን እያቸው፤ ወገባቸው ላይ መስመር አላቸው። እናቴ እንደዚያ ነው ያስተማረችኝ፣ በአገሯ በጀርመን እንደሚጻፈው። እናቴ ደግሞ ዜግነት አልወሰደችም ነበር፤ ወረቀቷ ሳይጨረስ ጦርነቱ መጣ። የጠላት አገር ሰው ተብላ ተመዝግባ፣ አሻራ ሰጥታ፣ ሬዲዮዋን ተነጥቃ ነበር። በየመንደሩ እንደሷ ያሉትን እየወሰዱ ካምፕ ያስገቡ ነበር። አጎቴ ከበረዶ ቤቱ ኋላ ጠርቶ ወረቀቱን እጄ ላይ አደረገና «አቃጥይው። ይሄን ሰባት ካዩ እናትሽን ፍሪዳን ይወስዷታል። እኔ የዚህ አገር ተወላጅ ነኝ፤ እኔን ከሥራ ቢያስወጡኝ ነው» አለኝ።

አላቃጠልኩትም። ለምን እንደሆነ አላውቅም። በዚያው መኸር ወይዘሮ ሃስኪንስ ልጇ ፈረንሳይ ሞተባት። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አጎቴ ፊት ቆማ «ልጄ ጥይት ጨርሶ ይሆናል» አለችው። እኔ ከኋላው ያለው ወንበር ላይ ነበርኩ፣ የመዝሙር መጽሐፍ ይዤ። እሱም «ይሆናል፣ እመቤቴ» አላት። ያገኘሁትን የመጀመሪያ ሩቅ አገር ሰው አግብቼ የሄድኩት ለዚህ ነው። ክሌም ጥሩ ሰው ሆኖ ተገኘ፤ ያ የእኔ ብልሃት አይደለም።

እናቴ በ1961 አረፈች። እስከዚያ ድረስ ምክንያት ነበረኝ። ከዚያ ወዲህ ያለው አሥራ ሰባት ዓመት ግን ምንም ምክንያት የለውም። ፈራሁ፣ ከዚያ ለመድኩት።

በጡረተኞቹ ቀን ቆመህ አንብበው። ስሜን ሙሉውን ጥራው። ለአጎቴ ግን ምን እንደምል አላውቅም።

ሉዌላ


ሃርላን ፎርክ፣ ኦሃዮ
ኦክቶበር 29 ቀን 1978

ውድ እህቴ ሉዌላ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ ተቀምጠሽ አንብቢው። እኛ ሁላችን በሕይወት አለን፤ ስሙ ይመስገን። የሆነውን በተራ ልጻፍ፤ እኔ ግን በተራ አልሠራሁትም።

ደብዳቤሽ ዘግይቶ ባለፈው ማክሰኞ ደረሰ። እኔ የሠራሁት እንዲህ ነው። መጀመሪያ መኪና ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩ። ሁለተኛ ደብዳቤሽን በታይፕ ጻፍኩት። ሦስተኛ ቤተ መጻሕፍት ሄጄ አርባ ቅጂ አባዛሁ፣ ለእያንዳንዱ ጡረተኛ አንድ አንድ። አራተኛ ወደ አባባ ሄድኩ። አባባ አንደኛ መሆን ነበረበት።

ኩሽና ተቀምጦ ድንች ይልጥ ነበር። ዝርዝርሽን ፊቱ አስቀመጥኩለት። እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ መነጽሩን አደረገ። ጣቱን ሰባቷ ላይ አሳረፈ።

«አላቃጠለችውም» አለ።

«አላቃጠለችውም፣ አባባ።»

«ግትር ናት። እናቷም ግትር ነበረች።» ከዚያ ብብቴ ስር ያለውን የወረቀት ክምር አየ። «ያ ምንድነው?»

ነገርኩት። ቅዳሜ ሰዉ ሁሉ ፊት ላነበው፣ ለሁሉም ላድል እንደሆነ። ስሙን ላጸዳ።

መነጽሩን አወለቀ። «አንዲትን ሴት ላድን ብዬ ዝም ያልኩትን» አለኝ፣ «አንተ አርባ ቅጂ አደረግከው?»

«ፍሪዳ ሞታለች እኮ፣ አባባ። ሉዌላም ራሷ አንብበው ብላለች።»

«ሉዌላ እዚያ፣ እኔ እዚህ ነኝ። ሰዎቹ አንብበው ምን ይላሉ? ‹ካቻፗ እሷ ኖራለች› ይላሉ። ስሙን ከእኔ አውልቀህ እሷ ላይ ልታለብስ ነው እንጂ ሌላ ምን አደረግክ?»

አርባውን ቅጂ እዚያው ምድጃ ውስጥ አቃጠልናቸው፤ እሱ እየቆጠረ፣ እኔ እየጨመርኩ። ሠላሳ ዘጠኝ ላይ «አንድ ጎደለ» አለኝ። ኪሴ ውስጥ ነበር። አውጥቼ ሰጠሁት። ሠላሳ ዘጠኝ ብሎ ባይቆም ኖሮ የምሰጠው አይመስለኝም፤ ይህንንም እወቂው።

ከዚያ ሁለት ነገር ነገርኩት። ይቅርታ ጠየቅኩት። ጋዜጠኛውን «የጎረቤቱ ነኝ» እንዳልኩትም ነገርኩት። ድንቹን መላጥ ቀጠለ።

«አውቃለሁ» አለኝ። «ሰውየው ያኔውኑ ወደ ቤት መጥቶ ‹ትምህርት ቤት የጎረቤትዎን ልጅ አገኘሁት፣ እርስዎን ቁርጥ ነው› አለኝ።»

ሉዌላ፣ ያን ጊዜ ጠረጴዛው ስር ልግባ አልኩ።

ቅዳሜ ሠላሳ አንድ ሰው መጣ። የአጋጣሚ ካርዶቹን አላወጣኋቸውም፤ አሥራ አራተኛዋን ቀድሜ ቀድጃታለሁ። ሰው ሥራ ጀመረ፣ የነዳጁ ባቡር ወጣ፣ ስለ ፉርጎዎቹ ቆሻሻ አንድ ሽማግሌ «እንዴ! ይሄ በእውነት ያየሁት ነው!» አለ። ያ አንቺ ነሽ። ከዚያ ደረጃው ጮኸ። አባባ ነው፤ ያን ቁልፉ እስከ አንገት የተቆለፈ ሸሚዙን ለብሷል።

«የሰፈሩን ባቡር ማን ነው የያዘው?» አለ።

ድዌይን ነበር የያዘው። ፊቱ ቀላ፣ ካርዶቹን ሰጠው። የሰፈሩን ፋብሪካዎች የሚያዳርሰው ይህ ባቡር አሥራ አንድ ፉርጎ አለው፤ ከእነሱ መሐል ሁለቱን በደብዳቤሽ ቁጥር እኔ ቀብቼ ጨምሬያቸዋለሁ። አልነገርኩትም ነበር። ጉልበቱ ያመዋል ብዬሻለሁ፤ ሆኖም ዝቅ ብሎ፣ አንድ እጁን ጠረጴዛው ላይ ተደግፎ፣ ከባቡሩ ጭራ ጀምሮ እየተራመደ እያንዳንዱን ፉርጎ ከካርዱ ጋር ማስተያየት ጀመረ። ጮክ ብሎ እየጠራ።

ከኋላው ሁለት ባቡር ቆመ። የግቢ አለቃ የሆነው ሰው «ኤሚል፣ ኧረ ውጣ፣ ዘጋኸን!» አለ፣ እየቀለደ ነው።

«ይቁሙ» አለ አባባ።

ስድስተኛው ላይ ደረሰ። «አራት፣ ሁለት፣ ስድስት፣ አንድ፣ ሰባት» አለ። «አንድ፣ ሰባት። ቆርቆሮ።» ሰባተኛው ላይ ቆመ። መነጽሩን ጠረገ። «አራት፣ ሁለት፣ ስድስት፣ ሰባት፣ አንድ። ሰባት፣ አንድ። ቀለህ።» ከዚያ እስከ ሞተሩ ድረስ ሄዶ ጨረሰና ወጣ። ሁለቱም ፉርጎ በየቦታው ደረሰ። አንድ ሰው አላጨበጨበም፤ ምን እንደተደረገ የገባው እኔ ብቻ ነበርኩ። ድዌይን ግን ብስኩት በሳህን አድርጎ አመጣለትና «አቶ ዴትመር፣ ይቅመሱ» አለው። በሕይወቱ አቶ ብሎት አያውቅም።

ቶሊዶ መሄዱ አልቀረም። አትሂድ ብዬ ለመንኩት። «ስሜን ሰጥቻለሁ፣ እሄዳለሁ» አለ። ረቡዕ አደርሰዋለሁ። ግን «በወሩ መጀመሪያ ቅዳሜ ና ውሰደኝ፤ ያለ እኔ የሰፈሩ ባቡር እንዳይወጣ» ብሎኛል። ሃምሳ ሁለት ማይል ነው፤ ጎማዎቹን አስቀይሬያለሁ።

ያንኑ ደብዳቤሽንም አነበብኩለት። ለእሱ የምትይው እንደጠፋሽ ስነግረው፣ ይህን ጻፍላት አለኝ፣ ቃል በቃል ነው፦ «እኔም በእግሬ ሄጄ አላየሁም። ፊርማው የእኔ ነው። ልጆቹ ሲያፏጩ ሳቋን ሰምቻለሁ፤ ደስ ብሎኝ ነበር።»

ዝርዝርሽን ወደ አንቺ ልመልሰው ብዬ ጠየቅኩት። እምቢ አለ። ቶሊዶ ከሚወስደው ሳጥን ውስጥ፣ ከእማማ ፎቶግራፍ ጋር አስገብቶታል።

ፖስታውን የጻፈው እሱ ነው። ፊደሉ ቢያስቸግርሽ አትገረሚ። የቤትሽን ቁጥር ግን አጣርቶታል፤ ጮክ ብሎ፣ የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ሁለቴ ጠርቶ።

ወንድምሽ፣ የኤሚል ዴትመር ልጅ፣
ኦርቪል